ባዶው መንታ

የምስራች፤ ቅዳሜ ሊሄዱ ነው። ለሚኒባሱ ተነግሯል፣ ቅርንጫፉ ተመርጧል፣ የማሽላው ጠላ ዛሬ ጠዋት ተጠንስሷል። እኔ የሰማሁት አሁን ነው፤ ዱቄት እየሰፈርኩ ነበር፣ እጄን እንኳ አላራገፍኩም። ማን ነው የሚሄደው፣ ወዴት ነው፣ ማንን ሊያመጣ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እነግራችኋለሁ። ብቻ ወሬው የፉኔካ ስለሆነ ከእሷ ልነሳ፤ አለዚያ ይዘበራረቅብኛል።

ፉኔካ በእኛ በጆዛ ሰፈር ውስጥ የምትታወቀው በምታደርገው ሳይሆን በማታደርገው ነው። ሠርግ አትሄድም፤ ለቅሶም አትሄድም። እንደ ባለትዳር ደማቅ አትለብስም፤ እንደ ባል የሞተባት ጥቁርም አትለብስም። ቡናማ ቀሚስ፣ ቡናማ ሻሽ፣ እግዜር ያውቃል ቡናማ ካልሲም ሳይኖራት አይቀርም። ሰላም ስትሏት ሰላም ትላለች፤ ግን ትንሽ ቆይታ ነው። ሰላምታችሁ ከሩቅ አገር ተጉዞ የደረሳት ይመስላል።

ባሏ ዋንዲሌ ስኩዊድ የሚባለውን ባለብዙ ክንድ የባሕር ፍጥረት በሚያጠምድ ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ክፉ ነፋስ ጀልባዋን ገለበጣት። ከባልደረቦቹ ገሚሱን ማዕበሉ አሸዋው ላይ መለሳቸው፤ ዋንዲሌን አልመለሰውም። ዘመዶቹ በባሕሩ ዳር ወዲያና ወዲህ ሲሉ ሰነበቱ፤ አንድ ጫማ እንኳ አልተገኘም።

እንግዲህ እዚህ አገር ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት መንፈሱ ብቻውን መንገዱን አያገኝም። የቤተሰቡ ሽማግሌ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ ሰውየው እስከሞተበት ቦታ ይሄዳል። ስሙ ተጠርቶ «ተነስ፣ ቤትህ እንግባ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፉን የያዘው ሰው ቤት እስኪደርስ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ከሟቹ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው። «ድልድዩን ልንሻገር ነው» ይለዋል፤ «ዳገቱ ደረሰ» ይለዋል። በሚኒባሱም ውስጥ ለሟቹ የራሱ ወንበር ይያዝለታል። ባሕር የበላውም ሰው እንደዚሁ ይመጣል። በዋንዲሌ ቤት ወግ ግን ውሃው ዳር ቆማ ስሙን የምትጠራው ሚስት ናት። ሚስት ካልጠራች ጉዞ የለም።

ፉኔካ አልጠራም አለች።

«አጥንቱን አምጡልኝና እጠራዋለሁ» ነው ያለችው። ሌላ ምንም አላለችም። ብትጠራው ሞተ ማለት ነው። ካልጠራችው ደግሞ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ልብሷን በላስቲክ ከረጢት አሰረችና ከአማቷ ግቢ ወጥታ ዳገቱ ላይ አንድ ክፍል ተከራየች። አማቷ ማምቤሌ አልለመኗትም፤ አልረገሟትም። «ልጄ ብርድ ላይ ነው» ብቻ አሉ። በየክረምቱም ያንኑ ይላሉ።

ሰው ፉኔካ ጨከነች ይላል። አልጨከነችም፤ ደነዘዘች። አንድ ቀን ከጋዝ ምድጃዋ ላይ የንፍሮውን ድስት በባዶ እጇ አነሳችው። የሚያር ነገር ሸተታት። ምን ይሆን ብላ ዙሪያዋን አየች፣ በመስኮት ብቅ ብላ ጎረቤት አየች፤ መጨረሻ ላይ የራሷ መዳፍ ሆኖ ተገኘ። ይህን ራሷ ናት ለቶቤካ የነገረቻት፤ ያውም የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ ሆና።

ቶቤካ የሥራ ባልደረባዋ ናት። ሁለቱም የሚሠሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ መጋዘን ነው። መንገድ ሲሠራ ኮረብታው ሲቆረጥ ከሆዱ ጥቁር ንብርብር ድንጋይ ወጣ፤ ሰው ሳይፈጠር፣ ዛፍ እንኳ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ጭቃ የነበረ ነው። ጭቃው ውስጥ ዓሣ ነበረ። ድንጋዩ መንገዱ ሳይበላው በመኪና ተጭኖ መጋዘን ገባ። እነ ፉኔካ ቢላዋና ትንሽ መዶሻ ይዘው ቁጭ ብለው ንብርብሩን ይለያዩታል፤ ልክ ተጣብቆ የቀረ መጽሐፍ እንደሚገለጥ። አንዳንዴ ከሁለት ገጽ መሃል ዓሣ ይወጣል። አጥንቱ ራሱ አይደለም፤ አጥንቱ ከሄደ ቆይቷል። ቦታውን አንድ ነጭ፣ ብር የሚመስል ስስ ነገር ይዞለት ነው የሚገኘው።

«ከዓለም ሁሉ ዓሣ ሲበልት ውሎ ጦሙን የሚያድር እኛ ብቻ ነን» ትላለች ቶቤካ። ማግዊኛዋን፣ በዘይት የተጠበሰውን ሊጥ፣ ስትገምጥ ዘይቱ በአገጯ ይወርዳል። «አንድ ቀን እንኳ ለቅቅል የሚሆን አይወጣም?»

«አይወጣም» ትላለች ፉኔካ፤ ትንሽ ቆይታ።

የመጋዘኑ ሕግ ቀላል ነው። ድንጋይ ሲሰነጠቅ ሁለት ፊት ይወጣዋል፤ እነሱም መንታ ይባላሉ። መንታ አይለያይም። አንዱ ላይ ዓሣው ተጣብቆ ሌላው ባዶ ቢመስልም አብረው ተጠቅልለው አብረው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ እርጥብ ድንጋይ አይፈረድበትም ነው። ውሃ የነካው ጥቁር ድንጋይ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ቀጭኑን መስመር ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ቀጥሎ በአግድም ብርሃን ይታያል፣ ምንም ከሌለው ደጅ ወዳለው ቁልል ይጣላል። ከቁልሉ ላይ የሰፈሩ ሰው እየወሰደ ጭቃ ግቢ ያነጥፍበታል።

ፉኔካ ሁለቱንም ሕግ አፍርሳ አታውቅም ነበር፤ ባለፈው የዝናብ ሰሞን እስኪመጣ ድረስ።

ያን ዕለት ጠዋት ቡቲ ጎዱካ የአህያ ጋሪውን መጋዘኑ በር ላይ አቁሞ ገባ። እዚህ ወንድምን ቡቲ፣ እህትን ሲሲ እንላለን፤ ጎዱካ ውሃ ከምንጭ፣ ድንጋይ ከቁልል፣ ወሬ ከየትም ያመላልሳል። ባርኔጣውን አወለቀ፤ እሱ ባርኔጣ ሲያወልቅ ከባድ ነገር አለ ማለት ነው።

«ሲሲ ፉኔካ፣ ማምቤሌ ልከውኛል» አለ። «‹ጉልበቴ ሳይከዳኝ ልጄን አምጡልኝ፤ ሙሽሪትን እንዲህ በልልኝ› ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ» አለች ፉኔካ።

«ሰምታለች ልበላቸው?»

«ሰምታለች በላቸው።»

«መስማትሽን እንኳ እሳቸውም አይጠራጠሩም። ሌላ የምትጨምሪው የለም?»

ፉኔካ ቢላዋዋን አንስታ ቀጣዩን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አስተካከለች። ጎዱካ ባርኔጣውን መልሶ አጥልቆ ወጣ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ድንጋዩ ርሶ ነበር። ፉኔካ ሰነጠቀችው። በአንደኛው ፊት የዓሣ ጭንቅላት ወጣ፤ ነጫጭ የአጥንት ሰሌዳዎች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው፣ ከኋላቸውም ቅርፊት በተርታ። ሌላው ፊት እርጥብ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ዓሣውን ጠቀለለችና መደርደሪያው ላይ አኖረች። ባዶውን ይዛ ወጣች፣ ዝናብ ውስጥ፣ ቁልሉ ላይ ጣለችው፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። ምን እያሰበች እንደነበር ብትጠየቅ ምንም ነው መልሷ። እውነቷን ነው።

ዝናቡ አባርቶ ድንጋዩ ሁሉ ከደረቀ በኋላ ዶክተር ሄስተር መጣች። ዶክተር ሄስተር ዓሣዎቹን የምታጠናው ሴት ናት፤ ረጅም፣ ሁልጊዜ ጉልበቷ አቧራ የነካው። የሰፈሩን ቋንቋ ትሞክራለች፤ ቶቤካም ሁልጊዜ ታርማታለች፤ ዶክተሯም ሁልጊዜ ታመሰግናለች። የፉኔካን ዓሣ ከመደርደሪያው አውርዳ መብራት በጎን አበራችበትና ለረጅም ጊዜ አጎነበሰች።

«ፉኔካ፣ ነይማ እይው» አለች። «ይሄ ልብሱ ነው።»

«የማን ልብስ?» አለች ቶቤካ፤ ያልተጠራችው።

«የዓሣው። ከጥንት ዓሣ ብዙው አጥንቱን እንደ ካፖርት ውጪ ይለብሰው ነበር። ጭንቅላቱን በሰሌዳ፣ ገላውን በወፍራም ቅርፊት። ውስጡን የሚይዘው ግን በብዛት ልም አጥንት ነው፤ ጆሮሽ ጫፍ ላይ እንዳለው፣ የሚተጣጠፈው። ዘመን ሲረዝም አጥንት ውስጡን እየያዘ ሄደ፤ ካፖርቱ ሳሳ። ዛሬ ጠብሰሽ የምትበይው ዓሣ አጥንቱ ውስጡ ነው።»

«እኛም ካፖርቱ ሳስቶብናል፤ ያውም በዚህ ብርድ» አለች ቶቤካ።

ዶክተሯ ሳቀች። «ጥያቄው መቼ ነው ውስጡን የያዘው የሚለው ነው። ማን ዘንድ ቀደመ? ሻርክን ታውቂያለሽ፤ ሁለመናው ልም አጥንት ነው። ድሮ የሚባለው ‹ሻርክ ጥንታዊ ስለሆነ ነው፣ አጥንት ገና አልደረሰውም› ነበር። አሁን ደግሞ የለም፣ አያቶቹ አጥንት ነበራቸው፣ እሱ ነው የጣለው የሚሉ አሉ።»

«እንደ ታናሽ ወንድሜ በይኛ» አለች ቶቤካ። «የወረሰውን በሬ ሁሉ አርዶ በላና አሁን ‹ድሮም በሬ አልነበረንም› ይለኛል።»

«ልክ እንደሱ።»

ፉኔካ ዓሣውን እያየች ነበር። ብዙ ጊዜ ጥያቄ አትጠይቅም። «ልም አጥንቱ ድንጋይ ውስጥ አይቀርም?» አለች።

«አብዛኛውን ጊዜ አይቀርም። ይበሰብሳል።»

«ታዲያ እንደነበረ በምን ይታወቃል?»

«በቦታው» አለች ዶክተሯ። እርሳስ አወጣችና ወረቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር ሁለት መስመር አሰመረች፤ በላይኛው ላይ ወደላይ፣ ከታችኛው ስር ወደታች ጥርስ የመሰሉ ነገሮች ደረደረች። መሃሉን ባዶ ተወችው። «ብዙዎቹ የእኛ ዓይነት የጀርባ አጥንት የላቸውም። በጀርባቸው የሚያልፍ አንድ ለስላሳ ገመድ ነበራቸው። ገመዱ በሰበሰ፣ ጠፋ። ከላይና ከታች የነበሩት ትንንሽ አጥንቶች ግን እንደተሰለፉ ቀሩ። መሃላቸው ባዶ ነው። ግን ማንም በባዶ ነገር ዙሪያ እንዲህ ተሰልፎ አይቆምም።»

«እኛ እንቆማለን እንጂ» አለች ቶቤካ። «ደረቅ ቧንቧ ስር ባልዲ ደርድረን ስንት ሳምንታችን ነው?»

«ውሃ ይመጣበት ስለነበረ አይደል የምትሰለፉት?»

ቶቤካ አሰበች። «ነው» አለች።

«እንግዲህ እሱን ነው የምልሽ።» ዶክተሯ ወደ ዓሣው ተመለሰች። «እዚህ ላይ ልብሱ ሸፍኖታል፤ ውስጡን አላይም። ውስጡ የሚታየው በመንታው ላይ ነው። የት አስቀመጥሽው፣ ፉኔካ?»

 ፉኔካ እጇን እያየች ቆየች።

«ጣልኩት» አለች።

ዶክተር ሄስተር አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ እርሳሱን ብቻ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሦስቱም ወጥተው ቁልሉን አዩ። ቁልሉ ከሥር እስከ ጫፉ ተወስዷል፤ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል።

ፉኔካ ቡቲ ጎዱካን ያገኘችው ምንጩ ጋ፣ በርሜሎቹን ሲሞላ ነው።

«የጣላችሁትን ድንጋይ ነው የምትጠይቂኝ?» አለ። «እኔ የጣለችኝን ሚስት እንኳ የት ሄደች ብዬ አልጠየቅሁም።»

«በዝናቡ ሰሞን የጫንከው ነው። ለማን ወሰድከው?»

«በዝናቡ ሰሞንማ አህዮቹ ጭቃ አንረግጥም ብለው አንድ ቤት ብቻ ነው ያደረስኩት።» አፉን ከፍቶ ዘጋው። ቧንቧውን ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው አዛወረ። «አንቺ ቤት ነው።»

«እኔ ቤት ድንጋይ የለም።»

«የድሮ ቤትሽን ነው የምልሽ። ማምቤሌ ዘንድ። ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሊወድቁ ሲሉ አይቼ ነው፤ አላዘዙኝም።»

 ጎዱካ ላድርስሽ ሲላት በእግሬ እሄዳለሁ አለችው። በእግሯ ሄደች። የማምቤሌ ግቢ ከምንጩ ሩቅ አይደለም፤ እሷ ግን መንገዱን እንደማያውቅ ሰው በየማዕዘኑ ትቆም ነበር። ምንም የፈራችው ነገር አልነበረም። ፍርሃትም ቢሆን ሙቀት አለው፤ እሷ ያ እንኳ አልነበራትም። እግሯ ይሄዳል፣ እሷ ትከተለዋለች።

ማምቤሌ ግድግዳው ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚለቅሙት በጣታቸው ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ማማ።»

«‹እኔ› የሚባል ሰው ብዙ ነው።»

«ፉኔካ ነኝ።»

የማምቤሌ ጣቶች አልቆሙም። አንድ የተበላሸ ባቄላ አግኝተው ወረወሩት። «ሙሽሪት ነሻ። ግቢ። ጭቃው ደርቋል።»

በዚህ አገር አማት ምራቷን እስከ ሽምግልና ሙሽሪት ብትል ማንም አይስቅም። ፉኔካ ገባች። ግን አልተቀመጠችም።

«ድንጋይ ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ ማማ።»

«ልጄን ፍለጋ የመጣሽ መስሎኝ ነበር።»

«ድንጋይ ነው።»

«ይሁን። ድንጋይ ሞልቷል፤ ምረጪ።»

ፉኔካ ተንበርክካ ከአጥሩ በር ጀምራ የተነጠፈውን ድንጋይ አንድ በአንድ ታገላብጥ ገባች። አቧራውን በቀሚሷ ጠርዝ ትጠርጋለች፣ ወደ ብርሃኑ ታዘነብላለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ማምቤሌ ኮሽታውን እያዳመጡ ይለቅማሉ።

«ምን ይመስላል የምትፈልጊው?»

«ምንም አይመስልም። ባዶ ነው።»

«ባዶ ድንጋይ ከባዶ ድንጋይ ልትመርጪ» አሉ ማምቤሌ። «አገሩ ሥራ የለም ይላሉ እንጂ ይኸው ሥራ።» ትንሽ ቆይተው፣ «አንዱ እግሬን ይኮረኩረኛል» አሉ። «ሌላው ሁሉ ያዳልጣል፤ እሱ አያዳልጥም። ስለዚህ ደጃፍ ላይ አደረግሁት።»

«የትኛው ደጃፍ?»

ማምቤሌ በአገጫቸው አመለከቱ። ግቢው ጥግ ያለችውን ክፍል ነው። ፉኔካና ዋንዲሌ የኖሩባት ናት። የበሯ ፊት ተጠርጓል፤ ማምቤሌ በየጠዋቱ ይጠርጉታል።

ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከአጥሩ በላይ በአግድም ትመታ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ በመብራት የሚለፉበት ብርሃን እዚህ እንዲያው በነፃ ይፈሳል። ፉኔካ ገና ሳትጎነበስ አየችው። ድንጋዩ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ዶክተሯ ወረቀት ላይ የሳለችው ነገር አለ። ከላይ ትንንሽ አጥንቶች ወደላይ ተሰልፈዋል። ከታች ትንንሽ አጥንቶች ወደታች ተሰልፈዋል። ቀጭን ናቸው፤ የሕፃን ጥፍር የሚያህሉ። በመሃላቸው ለስላሳ፣ ምንም የሌለበት ጎዳና ያልፋል። ከራሱ እስከ ጅራቱ አንድም ቦታ አልተዛነፈም።

ተቀመጠች፤ ደጃፉ ላይ፣ ጀርባዋን በሩ ላይ አድርጋ። ጣቷን በባዶው ጎዳና ላይ አስኬደችው። ሄደችበት፣ ተመለሰችበት። አለቀሰች ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አላለቀሰችም።

«አገኘሽ?» አሉ ማምቤሌ።

«አገኘሁ።»

«ምን አለው?»

ፉኔካ ድንጋዩን አንስታ ይዛላቸው ሄደች፣ ከጎናቸው ተንበረከከች፣ የአሮጊቷን ጣት ይዛ አስነካቻቸው። «ይሄ ከላይ ያለው አጥንት ነው። ይሄ ደግሞ ከታች።»

«መሃሉስ?»

«መሃሉ የለም። በስብሷል። ጀርባውን የያዘው ገመድ ነበር።»

«እንደነበረ ማናችሁ አያችሁ?»

«ማንም አላየም፣ ማማ። እነዚህ ቆመው ነው የቀሩት። ለእሱ ቦታ እንደለቀቁ።»

ማምቤሌ ጣታቸውን አላነሱም። ከላይ ያሉትን ዳሰሱ፣ ከታች ያሉትን ዳሰሱ። «እና ዓሣ ነው ትላላችሁ» አሉ። «እንዲህ ሆኖም።»

«ዓሣ ነው።»

«አጥንቱ ይምጣ አላላችሁም?»

 አሮጊቷ መልስ ሳይጠብቁ ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡና በቆርቆሮ ኩባያ ቀይ ሻይ ይዘው ወጡ። ፉኔካ ኩባያውን ተቀበለች። ከአጥሩ ወዲያ አህያ ያናፋል፤ ደግሞ ዝም አለ።

«ማማ» አለች። «ቅርንጫፉን ማን ይይዘዋል?»

ማምቤሌ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ መለሱ፤ ባቄላ ግን አልለቀሙም።

«አጎቱ ይይዘዋል። እግሩ ገና ደህና ነው።»

«እኔስ የት ነው የምቆመው?»

«ከጎኑ። ውሃው ጫማሽን እስኪነካ።»

«ዝም ቢለኝስ?»

«ዝም ይላላ። ድሮስ ጠርተሽው በአንዴ ‹አቤት› ብሎሽ ያውቃል?» አሉ ማምቤሌ። «አንቺ ጥሪው። መንገዱን እኛ እናሳየዋለን።»

ፉኔካ ኩባያውን በድንገት መሬት ላይ አስቀመጠችው። እጇን አራገፈች።

«ፈጀሽ?»

«ፈጀኝ» አለች ፉኔካ። ጣቷን አየችው። ቀልቷል። እንደገና፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ትኩስ ነው» አለች።

«ሻይ ነው እኮ፣ ሙሽሪት። ትኩስ ነው የሚሆነው።»

ድንጋዩን ማምቤሌ በቀላሉ አልሰጧትም። «ምትክ አምጪልኝ» አሉ። «ደጃፉ ክፍቱን አያድርም።» ፉኔካ ቃል ገባች። ድንጋዩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እዚህ ሴቶች ልጅ እንደሚያዝሉት ጀርባዋ ላይ አዝላ ዳገቱን ወጣች። በማግስቱ መጋዘን ስትገባ ቶቤካ አየቻትና፣ «ኧረ ሲሲ፣ መቼ ወልደሽ ነው?» አለች።

ዶክተር ሄስተር መንታዎቹን ጎን ለጎን አኖረቻቸው፤ የአንዱ ጉብታ ለሌላው ጎድጓዳ ገጠመ። አንዱ ልብሱ፣ አንዱ ውስጡ። አጉሊ መነጽሩን አንስታ ወደ ባዶው ጎዳና አጎነበሰች። ስንቱ አጥንት እንደሆነ፣ ስንቱ ልም አጥንት እንደነበረ ገና ብዙ ይታያል፣ ማንም አሁን ይሄ ነው ሊል አይችልም አለች። ግን ፊቷ ሌላ ነበር የሚለው።

«ፉኔካ፣ ምን ላድርግልሽ?» አለች።

«ቅዳሜን ልቅር።»

«ቅሪ። ምን አለ ቅዳሜ?»

«ባሌን ላመጣ ነው» አለች ፉኔካ፤ ቢላዋዋንና መዶሻዋን እየደረደረች። ይህን ጊዜ ሳትቆይ ነው የመለሰችው።

ዶክተሯ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጠች። አፏ ተዘግቶ የማያውቀው ቶቤካም ዝም አለች፤ ይህን ያየ የለም። ዝምታው የቆየው ግን የምሳ ሰዓት እስኪደርስ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉን ከፉኔካ አውጣጥታ፣ መጎናጸፊያዋን ሳታስተካክል ዳገቱን ወርዳ ወደ ሱቄ መጣችና ነገረችኝ፤ አጎትየው ቅርንጫፉን እንደመረጠ፣ ማምቤሌ ማሽላውን ጎረቤት አሰባስበው እንደጠነሰሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮቱ ወንበር ለዋንዲሌ እንደተያዘ፣ ፉኔካም ከአማቷ ጥቁር ቀሚስ ተውሳ ልኳን እንደሞከረች።

ፉኔካ ዛሬም ሰላም ስትሏት ትቆያለች። በአንድ ጀንበር የሚለቅ ድንዛዜ የለም። ውሃው ዳር ስትደርስ ድምፅ ይወጣት እንደሆነ እንጃ። ግን ትሄዳለች።

አሁን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሱቁን ልዘጋ ነው። ምዕራቡ ጠቁሯል፣ ከቅዳሜ በፊት መዝነቡ አይቀርም፣ የማምቤሌ ደጃፍ ደግሞ ምትክ ድንጋዩ ገና አልገባለትም። ዋንዲሌ ስንት ዘመን ውሃ ውስጥ ከርሞ ቤቱ ሲገባ ጭቃ ሊረግጥ ነው? ድንጋይ የሚያመላልሰው ቡቲ ጎዱካ ነው፣ እሱም እስካሁን ምንም አልሰማም፤ በርሜሉን ሞልቶ ከምንጩ ሳይወጣ ልድረስበት።